ከጎመኑ ጀርባ

በዚያ ነሐሴ፣ እግዚአብሔርን እኛ ብቻ እናውቃለን ባዮች የአንትወርፕን ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ጣዖት ነው ብለው በመጥረቢያ ፈለጡት። የባሌ የዮስ የሃያ ዓመት ሥራም አብሮ አለቀ። የተረፈችው ቤታችን ያለችው የገበያ ሥዕል ብቻ ነበረች። ከፊት ጎመን፣ ሥጋና ሻጮች ሞልተዋል፤ ከኋላ፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ፣ ክርስቶስ መስቀል ተሸክሞ ያልፋል። ከገበያተኛው ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ጫማ ሰፊው ጊሊስ መጥረቢያውን እንደያዘ ገባ።

"ጎረቤት፣ ጣዖት ደብቀሃል አሉ" አለው ዮስን።

"ያለን ጎመን ነው፤ ከፈለግህ ቀቅለህ ብላ" አልኩት።

ሥዕሏን አየና ሳቀ። "እመት ሊስቤት፣ እንዲህ ያለ ጎመን ገበያም የለ። ይህስ ኃጢአት የለበትም" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

የባሌ ፊት አመድ መሰለ። "ጊሊስ፣ አንተም እንደ ገበያተኞቹ አልፈኸው ልትሄድ ነው?"

"ዝም በል" አልኩት ክንዱን ይዤ።

እጄን አስለቅቆ ጣቱን ከጎመኑ በላይ አኖረ። "ይኸውልህ። የሣልኩት ሰው እንዲያየው ነው።"

ጊሊስ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያም ዮስን በእርጋታ ገለል አድርጎ መጥረቢያውን አነሳ።