በምድጃ የተቆጠረ መንደር

የመንደራችንን የማዕበል ዝርዝር የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። የመንደሩ አስተማሪ ስለነበርኩ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር «ማስተር ሳሄብ፣ መንደሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም» ሲለኝ ልቤ አበጠና ደብተሬን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ።

በእኛ ዘንድ ቤት የሚቆጠረው በምድጃ ነው። ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ቢኖሩም በየፊናቸው ካበሰሉ ሁለት ቤት ናቸው። መቶ አርባ ምድጃ ቆጠርኩ። ለእያንዳንዱ፣ ማዕበል ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መጠለያው የሚጠራው ሰው ተመደበ፤ አሮጊቶቹን ማን እንደሚሸከም፣ ላሞቹን ማን ወደ ጉብታው እንደሚነዳ ሳይቀር ተጻፈ።

ሚስቴ ሞይና ከሞተች ወዲህ የእኔ ምድጃ እሳት አላየም። ሩዜንም ምስሬንም የምበላው ጀልባ ማረፊያው ሻይ ቤት ነው። ራሴን መጻፍ ትዝም አላለኝ። ይኸውላችሁ ትልቁ አዋቂ!

ማዕበሉ ደርሷልና ውጡ የሚለው ሦስተኛው ባንዲራ የተሰቀለው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጫል። ልብሴን ቋጥሬ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። መጠለያው ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም፤ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ስሜን እንዲጠራኝ ፈልጌ ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ ፓሩል ድምፅ ማጉያዋን ይዛ ጎረቤቴ ጆበድ በር ላይ ቆመችና እንደ አጎት «ቻቻ» ብላ ጠራችው።

«ጆበድ ቻቻ! ዛሬም ለዶሮ ብለህ ልትሞት ነው? ውጣ!»

«ዶሮዋ ካንቺ ትሻላለች፤ እንዳንቺ አትጮህም!» አላት፤ ግን ወጣ።

እኔ በር ላይ ስትደርስ ወረቀቷን አየችና ቀና እንኳ ሳትል አለፈች። ሳልኩ። ሳሌን ነፋስ ወሰደው።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ከመጠለያው ጣሪያ ድምፅ ተሰማ፤ «መቶ አርባ ምድጃ ተሟልቷል! የቀረ ሰው የለም!» ሕዝቡ አጨበጨበ። መጀመሪያ ዝርዝሬ ስላልተሳሳተ ደስ አለኝ። ወዲያው እንባዬ መጣ። አሁን ውሃው ቢወስደኝ የሚፈልገኝ እንኳ የለም።

ውሃውን እስከ ጉልበቴ እየገፋሁ ሄድኩ። ፓሩል በሩ ላይ አየችኝና ክው አለች።

«ውይ በሞትኩት! ማስተር ሳሄብ፣ እኔ እኮ ከአንዱ ቤተሰብ ጋር የገቡ መስሎኝ!» ወረቀቷን ደጋግማ አገላበጠች። «በማን ምድጃ ልጻፍዎ?»

አዳራሹን አየሁ። ሁሉም ከየቤተሰቡ ጋር ክብ ሠርቶ እንደ ፈንዲሻ የፈካ ሩዝ ይቆረጥማል። ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

«‹ብቻውን› ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

ሞይና ከሞተች አራት ዓመቷ ነበር፤ ይቺን ቃል ከአፌ ያወጣሁት ግን ያን ቀን ነው።