እኔ እያለሁ አይቆምም

የሊፍት መካኒኩ አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። «እኔ እያለሁ ይሄ ሊፍት አይቆምም» ይላል አፉን ሞልቶ። እውነትም እሱ ሥራውን ከያዘ ወዲህ ቆሞ አያውቅም። የሕንፃው ሰው ሁሉ «አይቆሜ» ይለዋል።

ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ግን ቀልዱ አያስቃቸውም። አይቆሜ ልጃቸውን ላግባ ብሎ ከጠየቀ ከርሟል። ልጅቷም ትወደዋለች፤ እናቷን አስከፍታ ግን አታገባም። እናት ደግሞ «ይቆይ እስቲ» ከማለት አላለፉም። ሊፍቱንም እንደ ሰውየው ስላላመኑት ጉልበታቸውን እየቆረጠማቸው በደረጃ ይወጣሉ።

«እማማ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያውቃል?» ይላቸዋል።

«እስከ ዛሬ አልቆመም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።»

አንድ ጠዋት ግን ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። «እሺ፣ ዛሬስ ልግባልህ» አሉ። አይቆሜ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። ሌላ ጊዜ ሲሳፈር ጣሪያ ሥር ያለውን የሞተር ክፍል ለዘበኛው ክፍት ይተውለታል። ያን ዕለት ግን ማንም እንዳይነካካብኝ ብሎ ሮጦ ቆለፈው፤ ያለችውን አንዲት ቁልፍም ኪሱ ከተተና አብሯቸው ገባ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አራተኛውን ፎቅ አልፎ አምስተኛው ሳይደርስ ሊፍቱ ቀጥ አለ።

አይቆሜ ቁጥሮቹን በየተራ ተጫነ፤ ወይ ፍንክች። ደወሉን ሲደውል ዘበኛው «ገብቼ ላስነሳው፤ የሞተር ክፍሉን ቁልፍ የት አደረግከው?» ብሎ ከውጭ ተጣራ። ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ እዚያው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው፣ እሱ ራሱ ተዘግቶበት አያውቅም ነበር። ፈራ፤ እንደ ሕፃን ፈራ።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ዘና ብለው ተቀመጡ። «ምን ነካው?» አሉ።

የሆነ የሞተር ዕቃ ስም ጠርቶ ከጥያቄው ሊያመልጥ አሰበ። ግን ተወው። «አላውቅም፣ እማማ።»

«መቼ ይነሳል?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ፈርተሃል?»

«በጣም።»

እጁን ያዙለት። «ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁሉን አዋቂ ነበር» አሉ። «ያላሰብነው መከራ ሲመጣብን ግን ፈራሁ ማለት ሞት ሆነበት። ባል እያለኝ ብቻዬን ተጨነቅኩ። እንዲህ ላለ ሰው ልጄን አልሰጥም ብዬ ነበር።»

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለ አይቆሜ አንገቱን ደፍቶ።

ይኼኔ ሊፍቱ ራሱ በራሱ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳቆመውና ምን እንዳስነሳው አይቆሜ ኋላ ሞተሩን ፈታትቶ ቢያይም ሊደርስበት አልቻለም።

ስድስተኛው ላይ በሩ ሲከፈት ልጅቷ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆናችሁ ነው?»

እናቷ የአይቆሜን እጅ ሳይለቁ ወጡ።

«ነይ ግቢ፣ የሠርግ ቀሚስሽን ልለካሽ» አሏት።