መሃል የሚቆመው ሰው

ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ የመድረክ ጃኬቱን ለብሶ መስታወቴ ፊት ቆመና «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይይዘኛል» አለኝ። የነካው ግራ ደረቱን ነው። እጄን በብብቱ በኩል አስገብቼ ለካሁ፤ መዳፌ ሙሉ ገብቶ ቦታም ተረፈው። ጃኬቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እንኳን እሱን የመሰለ ቀጭን ሰው ጎረቤቱንም ጨምሮ ይይዛል።

«የያዘህ ጃኬቱ አይደለም፣ እነዚያ ሁለቱ የባንድህ ጠበኞች ናቸው» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም፣ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረው። ከኋላችን የተቀመጡት ሁለቱ ወዳጆቼም አብረው ሳቁ። «ለማንኛውም ትንሽ ልቀቂልኝ» ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። የሚለቀቅ ነገር አልነበረም። ደንበኛ ከሚከፋው ብዬ የግራውን ጎን ስፌት ተርትሬ ጥቂት ለቀቅኩለት።

ሱቄ ከስፌቱ ይልቅ በወሬው ነው የሚታወቀው። ከሥራ መልስ ሁለት ሰዎች አይጠፉበትም። አንደኛው ጎማ ነው፤ መንገዱ ማዶ ጎማ ይጠግናል፣ እውነተኛ ስሙን ሚስቱም የረሳችው ይመስለኛል። ሁለተኛዋ ሲስተር ናት፣ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ። ሦስታችንን ያገናኘን ዝምድናም ሥራም አይደለም። ከጉርምስናችን ጀምሮ የአንድ የሮክ ባንድ አፍቃሪዎች ነን። ፀጉራችን ሸበተ፣ ጎማ እንዲያውም የሚሸብት ፀጉር አልተረፈውም፣ ያ ፍቅር ግን አልለቀቀንም።

ፍቅር እለዋለሁ እንጂ የምንወደው ጠባቸውን ነበር። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ባንዱን ሲመሠርቱ አንድ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። በሁለተኛው አልበም ተኮራረፉ። በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እኛ ግን ሁሉንም የምናውቅ ይመስለን ነበር። ጎማ ነገሩ የሴት ነው ይላል። ሲስተር የግጥም ነው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሰርዞበት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቅናተኞች ነበሩ ባይ ነኝ። ወደ ኮንሰርት በተለያየ መኪና ይሄዳሉ። ስቱዲዮ ሲቀዱ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ድራመር አይበረክትላቸውም፤ አንዱ ሲለቅ በሬዲዮ ቀርቦ «የተቀጠርኩት ድራም ልመታ እንጂ ሽማግሌ ልሆን አይደለም» ብሎ ለሳምንት አስቆናል።

ያልለቀቀው ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ሁልጊዜ በሁለቱ መሃል ይቆማል። ዘፋኙ ለጊታሪስቱ የሚለው ነገር ካለው ለእሱ ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ መርዙን አውጥቶ ቀሪውን ያደርሳል። «ምሰሶው» ብለን የሰየምነው ለዚህ ነው። እንደ ምሰሶም ረሳነው፤ ቤት የገባ ሰው ግድግዳውን እንጂ ምሰሶውን ማን ያያል?

ጠባቸውን ማንበብ ለእኛ እንደ ትምህርት ነበር። ጊታሪስቱ የስፒከሩን ድምፅ ከፍ ካደረገ ተቀይሟል ማለት ነው። እሱ ብቻውን በሚጫወትበት ሶሎ ላይ ዘፋኙ ውሃ ከጠጣ ንቆታል ማለት ነው። ወጣቶች ሳለን አንድ ቀን፣ ጊታሪስቱ ዘፈኑን መሃል ላይ አቋርጦ ጀርባውን ሰጥቶን ሲወጣ፣ አዳራሹ በሙሉ «ተመለስ! ተመለስ!» እያለ ጮኸ። ተመለሰ። ተመልሶ የተጫወተው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ጀርባውን ከሰጠ እንጮሃለን፣ ይመለሳል። ትኬት የሚገዛው ለዚያች ጩኸት ብቻ የሆነ ሰው አለ። ጩኸቱን የሚጀምረው ደግሞ ጎማ ነው፤ ጉሮሮው የመኪና ጡሩምባ ነው።

እንግዲህ የስንብት ኮንሰርት ተባለ። ሲያልቅ አያምር ይላሉ፤ እኛ ግን ሲያልቅ ለማየት ቋምጠን ነበር። አንዱ አንዱን በማይክራፎን ይፈነክተዋል ብሎ ጎማ ይወራረድ ጀመር።

የጃኬቱን ስፌት እየለቀቅኩ ሳለ የቤዝ ተጫዋቹ እህት ገባች። ከሱቄ ጎን ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። እናትና አባታቸው በልጅነቷ ሲሞቱባት ያሳደጋት እሱ ነው፤ ከእሱ ሌላ ሰው የላትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለች ሳትቀመጥ። «ወንድሜ ደህና አይደለም። ደረጃ ሲወጣ ቆም እያለ ነው። ግራ እጄ ይደነዝዘኛል ይላል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ከኮንሰርቱ በኋላ ነው መልሱ። እናንተን ይሰማል፤ እባካችሁ ይቅርብህ በሉልኝ።»

ሲስተር ፊቷ ኮስተር አለ። «ይሄማ ቶሎ መታየት አለበት።»

«እሱ ከቀረ'ኮ እነዚያ መድረክ ላይ ይበላላሉ» አለ ጎማ። «ማን መሃል ይቆማል? እኔ ልቁም?»

ሲስተርን አየኋት፤ እሷም እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ከሌለ ኮንሰርት የለም።

«ቅዳሜ ይጫወት» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ ይዤው እገባለሁ። ወረፋ እንኳን አይዝም።»

እህቱ ጃኬቱን ከእጄ ላይ አየችው። «እሺ፣ ይጫወት። ግን ትናንት ‹ከከበደኝ ከስፒከሩ ጀርባ ሄጄ ቁጭ እላለሁ፣ አታስቢ› ብሎኛል። ከወጣ ተዉት። እናንተ ዝም ካላችሁ ሌላውም ዝም ይላል። አደራ።»

«እናቴ ትሙት፣ ትንፍሽ አልልም!» አለ ጎማ። እናቱ ከሞተች ቆይታለች፤ የእሱ መሐላ እንዲህ ነው።

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል» አለች እህቱ በሩ ላይ ሆና። «ሳሩን የሚያይ ግን የለም።» ከወጣች በኋላ ነገሩ ከበደኝ። ጎማ ግን ወዲያው ወደ ውርርዱ መለሰን፣ እኛም ተመለስን።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ስፖርት አዳራሹ ገባን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ከላይ ይወርዳል፣ ከሰው ይወጣል። ሰው ሁሉ ሸሚዙን እያራገበ ምሰሶው ጃኬቱን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ሳይጀምሩ ወደ መድረኩ አጥር መጥቶ ጨበጠን። እጁ ቀዝቅዞ ላብ በላብ ነበር።

«ምነው እጅህ?» አለችው ሲስተር።

«ደስታ ነው» አላት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሰላም አለፉ። ሰላሙ ነው እኔን ያስፈራኝ። ዘፋኙና ጊታሪስቱ አልተያዩም፤ ሁለቱም በየተራ ወደ ምሰሶው እየመጡ ጆሮው ውስጥ አንዳንድ ነገር ይናገራሉ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደ ሌላው ያደርሳል። ጣቶቹ ከምቱ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምሩ ሰማሁ። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ከምት ወጥቶ አያውቅም። «ሰምታችኋል?» አልኳቸው። «ሆን ብሎ ነው!» አለ ጎማ፣ ዓይኑ አብርቶ። «ተቀይሟቸዋል!»

ከዚያ ዘፋኙ ማይክራፎኑን ይዞ ለሕዝቡ ንግግር ጀመረ። «ይሄን ባንድ ብቻዬን ተሸክሜ እዚህ አደረስኩት» አለ። ጊታሪስቱ በንግግሩ ላይ ጊታሩን አስጮኸበት። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ዘፋኙ ዞሮ ምሰሶውን ምን እንዳለው አልሰማንም፣ ጊታሪስቱም ከዚያኛው ወገን መጥቶ ጮኸበት። ምሰሶው ቤዙን በቀስታ ከትከሻው አወረደ። ወለሉ ላይ አስተኛው። ጀርባውን ሰጠንና ወደ ስፒከሩ ሄደ።

መቼም አይቼ የማላውቀው ነገር ነው። ምሰሶው! እሱ እንኳን ተጣላ! በሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር ነደደ፤ ደስታ ነበር፣ ስሙን መለወጥ አልችልም። ጎማ ወንበሩ ላይ ወጥቶ «ተመለስ!» ሲል እኔም አልኩ። ሲስተርም እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። አዳራሹ ተቀበለን። ቆርቆሮው ራሱ «ተመለስ! ተመለስ!» የሚል መሰለ። አደራ የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳን።

ተመለሰ። ከስፒከሩ ጀርባ በዝግታ ወጣ፣ በእልልታና በፉጨት ተቀበልነው። ጎንበስ ብሎ ቤዙን ሊያነሳ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ በቀኙ አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ሄዶ በሁለቱ መሃል ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ ኖታ መታ። ሁለቱም ያን ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ፣ በእሱም ላይ አሻግረው ከስንት ዘመን በኋላ ተያዩ። ከዚያ በመሃላቸው ወደቀ።

የኋላው ሰው አላየም፤ ገና «ተመለስ!» ይላል። ሲስተር አፏ ተከፍቶ ቀረ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ግራ ደረቷ ላይ፣ እሱ መስታወቴ ፊት ቆሞ እንዳደረገው። ወዲያው አጥሩን ዘለለች። ጎማ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ዝም በሉ!» ብሎ ቢጮህም፣ ያን ጉሮሮ ሕዝቡ የሚያውቀው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሲጮህ ባሱበት። መድረክ ላይ ሲስተር ደረቱን በሁለት እጇ ስትጫን፣ ጩኸቱ ከእጇ ምት ጋር ገጥሞ ነበር። አልተመለሰም።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን ነበር። እህቱ ጃኬቱን በክንዷ ይዛ ገባች። ጎማ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«የለቀቅሽውን መልሰሽ ያዢልኝ» አለችኝ። «እንዳይሰፋበት። ነገ ሲቀበር የሚለብሰው ይሄንኑ ነው።»

ጃኬቱን ተቀበልኳት።

«ሁለቱም ቤት መጥተው ነበር» አለች። «አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። መሃሉን ለእሱ ትተው።»

«እኛ'ኮ…» አለ ጎማ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «እኛ'ኮ የተጣላ መስሎን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «ከስፒከሩ ጀርባ ወንበር አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። ውሃ ይዤ። መጣልኝ፣ ወንበሩን በእጁ ያዘ። ‹አበቃሁ እህቴ› አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ የእናንተን ድምፅ ሰማ። የጎማን ለይቶ ነው የሰማው። እጁን ያዝኩት፤ በቀስታ አስለቀቀኝ። ‹ይጠሩኛል'ኮ› አለኝ።»

ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ መርፌ አነሳሁ። ክሩን ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባ አለኝ፣ ደግሜ ሞከርኩ። እህቱ መርፌውን ከእጄ ወስዳ፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞራ ክሩን አስገባችና መልሳ ሰጠችኝ።