ጋቢው ያልደረሰበት

«እግርሽን ሰብስቢ እንጂ። ብርድ የሚገባው በእግር ነው።»

አዴ ኡሙልኸይር ይህን ያሉት ሼሁ ከውጭ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሴት ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» በሚልበት መሀል ነው። የልጅ ልጃቸው ሂባ እግሯን ቀሚሷ ሥር ሸጎጠች። ጎረቤታቸው ሀጀራ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ነካ አደረገችና፣

«ልጇን ከቀበረች ሁለተኛ ቀኗ፤ አንዲት እንባ አልወጣትም። እግር ትጠብቃለች» አለች፣ አንሾካሾክሁ ብላ።

አዴ ኡሙልኸይር ሰምተዋል። ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም። ግን ምን ብለው ይመልሱ? እንባው የት እንደቀረ ያውቁታል፤ ለማን ይነገራል?

ቱሉ ጎራ ከራያ ሜዳ በላይ ገደል ላይ የተለጠፈች ሠላሳ ቤት የማትሞላ መንደር ናት። ከሮቢትም ከዋጃም የሚመጣ ለቀስተኛ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ሽቅብ ሦስት ሰዓት ይወጣል። እያለከለከ ይገባል፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ደግሞ ቀስ ብሎ ይጠይቃል።

«ምን አገኘው? እንደዚያ ያለ ጎበዝ?»

«ሆዱን ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸው ፈሪድ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ዳማከሴ ተጨምቆለት ጠጣ። ቀትር ላይ ጉልበቱን አጥፎ መቃተት ጀመረ። ስምንት ወንድ በቃሬዛ አንስቶት ሲወጣ አዴ ኡሙልኸይር እየሮጡ ተከትለው ጋቢውን እግሩ ላይ ወተፉለት። «እግሩን፣ እግሩን እንዳይበርደው» ብለው ከገደሉ አፋፍ ቆመው ጮሁ። የሠሩት ይኸው ነው። ሌላውን የሰሙት ከሰው ነው፦ የቆቦ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ ከሚታይበት መታጠፊያ ሲደርሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከማሉዲን «እስቲ አስቀምጡት» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የተጣደፈ ሰው አልነበረም።

«መኪና ቢኖር ኖሮ...» ትልና አንዷ ለቀስተኛ ነገሩን ትውጠዋለች። የመኪና መንገዱ ይቆይ ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ፈሪድ ነው። ቆቦ ተምሮ፣ ጥቂት ዓመት ባጃጅ ነድቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሐሳብ ሰውን ሁሉ አሳቀ። «ሰው ገደላችንን ለማየት ይመጣል» አለ። «ቁልቁል የሚወድቅበትን ፍለጋ ነው?» አሉት ሽማግሌዎቹ። ግን መጡ። በሦስተኛው ዓመት መንደርተኛው ያቋቋመው የአስጎብኚ ማኅበር ሁለት የእንግዳ ቤት ሠራ፣ ከምንጩ ቧንቧ ተስቦ ቦኖ ቆመ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ውሃ ሲሸከም የኖረ የሴት ጀርባ ቀና አለ። ያኔ ከወረዳ ሰዎች መጥተው፣ ጉልበት ካዋጣችሁ መንገድ እንቆርጥላችኋለን አሉ። ፈሪድ ከዋርካው ሥር ተነሣ።

«እንግዳ እኛ ዘንድ የሚመጣው መኪና ስለማይመጣ ነው» አለ። «በእግር የሚወጣ ያድራል፣ በመኪና የሚወጣ ፎቶ አንስቶ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ይቆየን።»

እጅ ተነሣ። አዴ ኡሙልኸይርም አነሡ። አሁን ያንን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

ዱዓው እንዳበቃ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከማሉዲን በሩ ላይ ቆሞ አሳለ።

«አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማይነገር ነገር በማይነገርበት ቀን ይዤ መጣሁ።»

«ተናገረው።»

«ኤልሳቤጥ እንግዶች ይዛ ነገ ትመጣለች። ያቺ የአዲስ አበባዋ አስጎብኚ። ፈሪድ ቃል ሰጥቷት ነበር። ስልክ ስሞክር ዋልኩ፣ አይገባም፤ ዛሬ ቆቦ ያድራሉ። ታች አስፋልቱ ተዘግቶ ከከረመ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።»

«ታዲያ ከእኔ ምን ፈለግህ?»

ከማሉዲን ሂባን አየ፤ ሂባ መሬቱን አየች።

«ወጣቱ ሳዑዲ ገብቶ አልቋል። እኔ መንገዱን እንጂ ወጉን አላውቀውም፤ የቱ ዛፍ ምን እንደሚባል፣ የቱ ዋሻ የማን እንደነበር ብጠየቅ ላብ ነው የሚያጠምቀኝ። ከአባቷ ኋላ ስትሄድ የተማረች እሷ ናት። ለዚች ለአንድ ቀን ብቻ፣ አዴ።»

«ሂባ ነገ ከሦስተኛው ቀን ሶደቃ በኋላ ከአክስቷ ከሀስና ጋር ሮቢት ትወርዳለች። ተወስኗል። ሀስና ልብሷን በሻንጣ አድርጋላታለች። የሀስና ቤት አስፋልት ዳር ነው። ቢያማት ባጃጅ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ይቺን ደግሞ ቃሬዛ ላይ አላያትም።»

«ለአንድ ቀን...»

«ለአንድ ቀን ብቻ ያልከኝ ያን ጊዜም ነበር፣ ከማሉዲን።»

ከማሉዲን አንገቱን ደፋ፤ ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

«ያን ጊዜ» ያሉት ባለፈው የመኸር ወቅት፣ አስፋልቱ ሳይዘጋ የሆነውን ነው። እንግዶቹ የወተት መግፋቱን አዩ፣ ጭፈራውን አዩ፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ አዩ። ኤልሳቤጥ፣ «እናንተ ጋ ለቅሶስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። በክፋት አልነበረም፣ ሁሉን ማወቅ የምትወድ ልጅ ናት። ሙሾ የሚከለክሉት ሼሁ ገበያ ወርደዋል። በቱሉ ጎራ የድሮውን ሙሾ የሚያውቁ አዴ ኡሙልኸይር ብቻ ናቸው።

«ላልሞተ ሰው?» አሉ።

«ለአንድ ቀን ብቻ፣ አዴ። ቁም ነገር አይደለም፣ ለማሳየት ነው» አለ ከማሉዲን።

ሬሳ ሆኖ የሚተኛ ሰው ጠፋ። ሀጀራ ባሏን ብትገፋው ዛፍ ሥር ገብቶ ተደበቀ። ፈሪድ እየሳቀ ሰሌኑ ላይ ተንጋለለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ረጅም ነበር፤ ጋቢው አልበቃውም፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውጭ ቀረ።

አዴ ኡሙልኸይር በቀጭን ድምፅ ጀመሩ፦

«የቱሉ ጎራ ልጅ፣ የገደል ላይ መሪ፣
ሰው አድርሶ መላሽ፣ እሱ ብቻ ቀሪ።»

ለማሳየት ብለው የጀመሩት ነገር ከጉሮሯቸው ሲወጣ እውነት ሆነባቸው። እንባቸው ወረደ። ማቆም አቃታቸው። ከዚያ ያንን እግር አዩት፤ የመስከረም ንፋስ ሲነፍስበት። ሙሾውን ሳያቋርጡ ጎንበስ ብለው ጋቢውን ወደ እግሩ ሳቡለት። ጋቢው ከፊቱ ላይ ተገፈፈ፣ የፈሪድ ጥርስ ታየ፣ «አዴ፣ ሬሳም ይበርደዋል?» አለ፤ አገሩ በሙሉ ሳቀ። ኤልሳቤጥ በስልኳ ቀረጸችው።

እንባቸው ያን ቀን አለቀ። አለቀ ብቻም አይደለም። ማን ሰማኝ? ይላሉ ለራሳቸው። ያንን ግጥም ማን ሰምቶ መዘገበብኝ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሂባ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ቦኖው እደጅ ነው፤ ደርሰው እስኪመለሱ አንድ «ያሲን» ተቀርቶ አያልቅም። አዴ ኡሙልኸይር ወጣ ብለው ሲያዩ ጀሪካኑ በሩ ሥር ባዶውን ቆሟል።

«ሀስና፣ ልጅቷ ወርዳለች።»

«የት?»

«የት ትወርዳለች? አንድ መንገድ ነው ያለን።»

ሀስና ለመከተል ነጠላዋን አነሣች፤ የሶደቃው እህል እሳት ላይ ነበርና ተመልሳ ተቀመጠች። አዴ ኡሙልኸይር እደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ለቀስተኛ መጣ፣ ሄደ። ሶደቃው ተበላ። ከታች ሜዳው ላይ ማሽላው ቢጫ ሆኗል፤ በመሀሉ አስፋልቱ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፣ ክሩ ላይ መኪኖች ይሄዳሉ። ያን ያህል ቅርብ ነው። በድንጋይ የሚመታ ይመስላል።

«ግቢ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አለች ሀጀራ።

«ዝናብ ቢመጣስ? ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

«በዚህ ሰማይ ምን ዝናብ አለ?»

«እሱም ማክሰኞ ጠዋት ደህና ነበር።»

ሀጀራ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላው ሲዞር ሂባ ብቅ አለች። የአባቷን ጋቢ አደግድጋ ከፊት ናት፤ ኋላዋ ኤልሳቤጥና አራት እንግዶች። ሁሉም ራሳቸውን ተከናንበዋል። ሞቱን የሰሙት ታች አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ነው። አዴ ኡሙልኸይር ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ «ውሃ ጠጥተሻል?» ብቻ ወጣቸው።

እንግዶቹ ገብተው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ ኤልሳቤጥ አለቀሰች፤ የአዴ ኡሙልኸይርን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«እማማ፣ ምን ይዤ እንደምመጣ ሳላውቅ መጣሁ። ግን እሱ እዚህ አለ። ልጁ... ሂባ ትየው ብዬ።»

ማንም ተዪው ሳይላት ነካችው። የአዴ ኡሙልኸይር ድምፅ ከዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ወጣ። «የገደል ላይ መሪ...» ሴቶቹ ተጠጉ። ሀስና እጇን አፏ ላይ አደረገች። አዴ ኡሙልኸይር ራሳቸውን አላዩም፤ ጋቢውን ነው ያዩት። ደረቱ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ የራሳቸው እጅ እግሩን ሊሸፍን ጎንበስ አለ፣ የፈሪድ ሳቅ ቤቱን ሞላው፣ ቤቱም ለቅሶ ሆነ። ሀጀራ ደረቷን መታች። አዴ ኡሙልኸይር ብቻ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አሉ።

«ምኑን?» አለች ሀጀራ ዓይኗን እየጠረገች።

«ሞቱን። በቁሙ አልቅሼበት።»

«ኧረ አፉ በይ፣ ወላሂ ጉድ ነሽ። ለቅሶ ሰው የሚጠራ ቢሆን የኔ አማት ስንቴ በሄደች? በቁሟ ሠላሳ ዓመት አልቅሼባታለሁ፣ ትናንትም ጨው አነሰው ብላ ወጡን መለሰችልኝ።»

አንዳንዶቹ በእንባቸው መሀል ሳቁ። አዴ ኡሙልኸይርም ከንፈራቸው ሊሳብ ቃጣው። የከበዳቸው ግን አልተነሣላቸውም።

ሀስና ሻንጣውን ከግድግዳው አንስታ በሩ አጠገብ አኖረችው። «ሂባዬ፣ ሳይጨልም እንውረድ።»

«ነገ እንግዶቹን ወደ ጫፉ አወጣቸዋለሁ» አለች ሂባ።

«ከነገ በኋላስ?» አሉ አዴ ኡሙልኸይር።

«ከነገ በኋላ ሌሎች ይመጣሉ። መንገዱም ይቆረጣል። ከማሉዲንን ዛሬ ጠየቅሁት፣ ወረዳ እንሄዳለን አለ።»

«እስከዚያ ድረስ ሲያምሽስ?»

ሂባ ቀና ብላ አየቻቸው። የአባቷ ዓይን ነው።

«አንቺስ ሲያምሽ፣ አዴዬ? ማን ሊሸከምሽ?»

አዴ ኡሙልኸይር ሊሉ ያሰቡት ብዙ ነበር። እኔ ኖሬአለሁ፣ እኔን ተዪኝ። ውረጂ ብያለሁ። ሁሉም ምላሳቸው ላይ መጣና ተመለሰ። ሀስና አየቻቸው፣ የእናቷን ትእዛዝ ጠበቀች፤ ትእዛዝ አልመጣም። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ።

እንግዶቹን ከማሉዲን ወደ እንግዳ ቤት ወሰዳቸው። ለቀስተኛው ሳሳ። ሂባ ስድስት ሰዓት ያህል ተጉዛለችና እዚያው ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች፤ የአባቷን ጋቢ እስከ አገጯ ሳበችና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እሷም ረጅም ናት። እግሯ ውጭ ቀረ፤ አቧራ የለበሰ፣ ተረከዙ ላይ ውሃ የቋጠረ።

በበሩ የሚገባው ንፋስ ቀዝቅዟል። የአዴ ኡሙልኸይር እጅ እንደ ልማዱ ወደ ጋቢው ጫፍ ሄደ፣ ጨርቁን ያዘ። እዚያው ላይ ቆመ። ፈሪድን ሁለት ጊዜ እንዲህ ሸፍነውታል።

ጣታቸውን አንድ በአንድ ከጋቢው አላቀቁ። በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ወደ ልጅቷ እግር ተጠጉ፤ ሁለቱን እግሮቿን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና በመዳፋቸው ያዟቸው። ዓይናቸውን ግን ከደረቷ ላይ አላነሱም። ጋቢው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

«አዴ ኡሙልኸይር» ብሎ ጠራ አንድ ሰው ከደጅ፣ «ከዋጃ ለቀስተኛ መጥቷል።»

«ይግባ» አሉ ቀስ ብለው። «መነሣት አልችልም። እጄ ተይዟል።»