ጣሰው ጆሮውን ሲያሽ

ወርቅውሃ በመሥሪያ ቤቷ የፖከር ካርታ ውድድር ውስጥ የገባችው ለሽልማት የቀረበውን ሬዲዮ ፈልጋ አልነበረም፤ ጓድ ጣሰውን ፊት ለፊት ተቀምጣ ፊቱን የምታነብበት ሌላ ዘዴ አጥታ እንጂ። ጣሰው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ነው፤ የቀበሌዋም ሊቀመንበር ነው። በ1976 የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲጀመር የስም ዝርዝሩ የተቀመጠው እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሷ ደግሞ ያላት አንድ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው እሱባለው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጁ ትንሽ ካመሸባት መርዶ ነጋሪዎቹ በር ላይ የቆሙ ይመስላታል።

ፖከር ያስተማራት ሟቹ ባሏ ነው። "ካርታውን ተይው፣ ሰውየውን እይ" ይላት ነበር። ይህ አልከበዳትም፤ ሁልጊዜ ክፉ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ፊት ማንበብ ይለምዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በሠራተኞች ክበብ ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች አሥሩ እስኪወጡ ድረስ የጣሰውን አመል ደርሳበታለች። ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ዝም ይላል፤ ባዶ ሲሆን የጆሮውን ጫፍ ያሻል።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ወርቅውሃ ሁለት ኪንግ ይዛ ሦስት ካርታ ቀየረች፤ የረባ አልመጣላትም። ጣሰው አንድም ሳይቀይር በገንዘብ ምትክ የሚጫወቱበትን የቢራ ቆርኪ በሙሉ ወደ መሐል ገፋው።

"ወላሂ፣ ሬዲዮው ቀበሌ ገባ!" አለ ከኋላ የቆመው የመዝገብ ቤቱ ጀማለዲን።

ሳይቀይሩ የሚሞላ ካርታ ከመቶ አንዴም እንደማይደርስ፣ ሰውየው ባዶውን ሊያስፈራራትም እንደሚችል ታውቃለች። ግን ሐሳቧ ካርታው ላይ አልነበረም።

"ጓድ ጣሰው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የእሱባለው ስም አለበት?"

"ኧረ የለበትም! ተጫወቺ አቦ፣ ፈራሽ እንዴ?" አለና ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

ዋሸኝ አለች በልቧ። ሁለቱን ኪንግ ጣለች።

"አሸንፈዋል" ብላው ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ያኔውኑ ልጇን የቡ በምትባል የገጠር ከተማ ወደምትኖረው ወዳጇ ወደ ፈድሊያ በሚሄድ የቡና መኪና ላይ ጫነችው። ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው ግን ጣሰው ነው። እሱን መጠየቅ ልጁን በእጅ ማስረከብ መሰላት።

"ኬላው ጋ ስትደርስ ጆንያ ሥር ተኛ" አለችው።

ማክሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ሦስት ጊዜ አነበበችው። የእሱባለው ስም የለም። ብቻዋን እየሳቀች ወደ ቤቷ ገባች።

ወደ አመሻሹ ላይ ጣሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ።

"ልጅሽ ኬላ ላይ ያለ ይለፍ ተይዟል" አላት። "ወደ ማሠልጠኛ ወስደውታል፤ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ምን አስኬደው? የለበትም አላልኩሽም?"

"ጆሮዎን ሲያሹ አይቼ..."

"ጆሮዬን?" ትንሽ አሰበና ፊቱ ተለዋወጠ። "ወይ ወርቅውሃ! ካርታዬ እኮ ባዶ ነበር። አንዲት ጥንድ እንኳ አልያዝኩም፤ እንዳትነቂብኝ ፈርቼ ነው ጆሮዬን ያሸሁት። ስለ ልጁስ የነገርኩሽ እውነቱን ነበር።"

እሱ ከሄደ በኋላ እንደ ልማዷ በሩን ቀረቀረችው። ትንሽ ቆመችና መልሳ ከፈተችው።

"እትዬ፣ በርዎ ክፍት ነው እኮ!" አለች ጎረቤቷ ሐጂራ በአጥሩ በኩል።

"ይሁን፣ ተይው፤ የፈራሁት አስቀድሞ ገብቷል" አለቻት።