ከዙሀይራ ኋላ

ለሊሴን ያንገበገባት መሸነፍ ቢሆን ደግ ነበር። እሷን ያንገበገባት ከዙሀይራ ኋላ መሮጥ ነው።

የሮቤ ሯጮች ቀለል ባለው የልምምድ ቀን ተሰልፈው ነው የሚሮጡት። አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግር በእግር ይከተላል፤ መሪን ማለፍ ነውር ነው። አሰልጣኝ ገብረወልድ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አንጀት የሚያሳርር ሩጫ ያስሮጡና በቀሩት ቀናት ዙሀይራን ከፊት ያደርጓታል። ዙሀይራ ሆዬ ከገበያተኞች ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ እየተለዋወጠች ታዘግማለች።

«ኮች፣ እኔ ልምራ» አለቻቸው ለሊሴ አንድ ጠዋት።

«አንቺ ተከተይ። ሰውነትሽ ይረፍ።»

ሌላ አልጨመሩም፤ ምክንያት መዘርዘር የማይወዱ ሰው ናቸው። ኅዳር ላይ ማጣሪያ አለ፤ ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ብቻ አዲስ አበባ ክለብ ትገባለች። ለሊሴም ቦታውን ለዙሀይራ እያመቻቹላት ነው ብላ ደመደመች። ቅናት ያዛት። የዙሀይራ ሳቅ አቃጠላት፤ አሰልጣኙ «ዙሀዬ» ሲሉማ ጆሮዋን መድፈን አማራት። ስለዚህ ጠዋት ተሰልፋ ታዘግምና፣ ከሰዓት ማንም ሳያያት የጎባን አስፋልት እስኪያስመልሳት ድረስ ትጋልብበታለች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። እሷ ግን የበረታች መሰላት፤ ሞኝ።

የማጣሪያው ቀን አስራ ስምንተኛው ዙር ላይ ዙሀይራ ተፈተለከች። ለሊሴ እግሯን ብታዘው እምቢ አላት። ዙሀይራ አንደኛ፣ እሷ አራተኛ ወጡ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?» አሏት አሰልጣኙ፣ ሣሩ ላይ እንደተዘረረች።

«ሁልጊዜ ከሰዓት ለብቻዬ እሮጥ ነበር» አለች በንዴት። «ለሷ ስላደሉ።»

አሰልጣኙ አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ቦታው እኮ ያንቺ ነበር። በከባዱ ልምምድ ሁሉ ትቀድሚያታለሽ። አንቺ ግን ማረፍ አታውቂም፤ ፍጥነትሽን እንድትይዝልኝ ብዬ ነው ፊትሽ ያቆምኳት። ‹ለሊሴ ማጣሪያውን እንድታልፍ ከሆነ እሺ› አለችኝ።»

ዙሀይራ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ደስታም እፍረትም ተደበላልቆባት ታለቅሳለች።

«ወላሂ፣ አንቺ የምታልፊ ነበር የመሰለኝ።»

ለሊሴ አቀፈቻት፤ አሁን ደግሞ በደግነቷ ቀናች።