የረጠበው አመድ

መሬት ሲያልበው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሀሊሜ አይታለች። ቤቷ ውስጥ የተቆፈረውን የማሽላ ጉድጓድ ክዳን አንስታ፣ የታፈነው አየር እስኪወጣ ጠብቃ እጇን ስትሰድ፣ እህሉ ሞቆና ረጥቦ እንደ ሊጥ ተጣበቀባት። ሽታው ልጇን አሲያን ከደጅ ጠርቶ አስገባት።

"እማ፣ ምን ሞቶ ነው?"

"የዓመት ቀለባችን።"

አሲያ ጎንበስ ብላ የጉድጓዱን ግድግዳ ዳበሰች። መዳፏ ውሃ ያዘ።

ከቆቦ በላይ ባለው በድሮው ቀዬ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እዚያ መሬቱን ሽማግሌ ይመርጣል፤ በተቆፈረው ጉድጓድ እሳት ነዶ ያድራል። ጧት አመዱ ደረቅ ከሆነ እህል ይገባል፤ ከረጠበ ጉድጓዱ ይደፈናል። መንደር ምሥረታው መጣና ሰውን ሁሉ ከጉብታው አውርዶ ወንዝ ዳር፣ ጥቁር አፈር ላይ በሰልፍ ተከለው። ሀሊሜ በአዲሱ ቤቷ ጉድጓድ ያነደደችው እሳት አመዱ ጭቃ ሆኖ አደረ። በእፍኟ ይዛ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለደሳለኝ አሳየችው።

"መሐንዲስ የለካውን መሬት በአመድ ልትፈትኚ?" ብሎ ሳቀባት። "ሌላ ቦታ የቆፈረ እህሉን ከአብዮቱ የደበቀ ነው!"

ፈርታ እህሉን እዚያው ጉድጓድ አስገባች።

አሁን ጎረቤቷ አራጌ ገብቶ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰበረና ተፋ። "መሯል። የኔንም አህያዬ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ምን አለባት፣ እሷ ስብሰባ ገብታ አታጨበጭብ!"

አሲያ አልሳቀችም። ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የዘር ማሽላ ቀና ብላ አየች። "እማ፣ እሱን እናውርደው?"

ሀሊሜ እጇ ላይ የተጣበቀውን እህል በቀሚሷ ጠረገች። ባሏ እንድሪስ በሰባ ሰባቱ ረሃብ የሞተው ዘሩ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ እያየው ነበር። "እንዳትነኩት፤ ዘሩን የበላ ቤት ነገ የለውም" እንዳለ አለፈ።

ከውጭ የስብሰባው ጥሩንባ ተነፋ። የአዲሱ መንደር አንደኛ ዓመት ሊከበር ነው።

"አይወርድም" አለች። ቁናውን በሻገተው ማሽላ ሞልታ ተሸከመች።

"ተይ ሀሊሜ፣ ያስሩሻል!" አለ አራጌ።

"ይሰሩኝ። እስር ቤቱ ደረቅ ከሆነ እሱም ደግ ነው።"

ሰውን ሰንጥቃ አልፋ፣ ቁናውን በደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ጭብጨባው ቆመ።

"ነገ ቢሮ ነይ እንዳትለኝ" አለችው። "አመዱን አሳይቼሃለሁ። ልጄ ምን ትብላ? እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መልስ!"